የግራው ቋሚ

ሌሊቱን በሕልሜ ዘቦቻችን ከሽቦው ውጪ ተሰልፈው "እባካችሁ ማርኩን!" እያሉ ሲለምኑን አየሁ። እኛ ምርኮኞቹ በሩ ላይ ተኮፍሰን "ቦታ የለም፣ ነገ ተመለሱ" አልናቸው። ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም፤ ግን በጣም ደስ አለኝ።

ወዲያው ኳስ ሜዳ ላይ ነበርን። በእውኔም በሕልሜም እኔ የግብ ቋሚ ነኝ። በካምፓችን የተገኘ እንጨት ሁሉ ለማገዶ ስለሚሄድ፣ መሮጥ የማንችል በሽተኞች በግቡ ግራና ቀኝ እንቆማለን፤ በግራ እኔ፣ በቀኝ ሃምሳ አለቃ ገዝሙ። ትናንት ከዘቦቹ ጋር ስንጋጠም የካምፑ ሐኪም ሳይቀር ወጥቶ ሲያይ ነበር፤ እኛም ወባችንን ይዘን እስከ መጨረሻው ቆምን። በሽተኞችን ወደ አገር ቤት የሚወስደው መኪና ሲነጋ ይመጣል ስለተባለ፣ የመጨረሻ ጨዋታዬ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

የሕልሜ ዳኛ ውኃ የምታመላልስልን አህያ ነበረች። ፊሽካዋን ከጥርሷ አውጥታ "የተሸነፈ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ያሸነፈ እዚሁ ይቀራል" ብላ ደነገገች።

ጉድ ፈላ! ሁሉም ኳሷን ወደ ራሱ ግብ መንዳት ጀመረ፣ ዘቦቹም ጭምር። ለካ እነሱንም አገር ቤት ናፍቋቸዋል፤ አሳዘኑኝ። ኳሷ ካልሲዎቻችንን ጠቅልለን የሰፋናት ናትና፣ በመታት ሰው እግር ላይ እየተጠመጠመች "አጥልቀኝ ልጄ፣ ብርድ ነው" ትል ነበር።

አጥቂያችን ጉደታ በእውኑ ነፋስ ሲነካው እየወደቀ ፍጹም ቅጣት ምት የሚለምን ጤነኛ ጎረምሳ ነው። በሕልሜ ግን ቀጥ ብሎ ሮጠና ኳሷን ወደ እኛው ግብ ለጋት። በረኛችን ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ተኛ። ከግቡ ኋላ የቤቴ በር ተከፍቶ ባለቤቴ አስካለ ቆማለች።

"ጫማህን አራግፈህ ግባ፤ አሁን ነው የጠረግኩት" አለችኝ።

ኳሷ ቀስ ብላ መጣች። "ግቢ! ግቢ!" አልኳት። ግን የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነው። ዘቦቹ ሲመቱ ግቡን ለማጥበብ ሰረቅ አድርጌ የማስገባው እግሬ፣ ሳላዘው ገባ። ኳሷ ቅልጥሜን መትታ ተመለሰች። አህያዋ ፊሽካዋን ነፋች። በሩ ተዘጋ።

"ታረቀኝ! ኧረ አንተ ታረቀኝ!"

የሚቀሰቅሰኝ ገዝሙ ነበር። ፀሐይ ወጥታለች።

"መኪናው መጣ?" አልኩት።

"መጥቶ ሄደ።"

"እኛስ?"

"ሐኪሙ 'ጨዋታው እስኪያልቅ በእግራቸው የቆሙ ሰዎች ምን ሆኑ ብዬ ነው የማሳፍራቸው?' ብሎ አስቀረን።"

"ታዲያ ማን ሄደ?"

"ጉደታ። ትናንት ሲወድቅ ሲነሳ አይቶት አንጀቱን በላው።"