አባይ ወደ ጣና ሲመለስ

ትናንት ምሽት በሕልሜ የአባይ ውሃ ወደ ጣና ይመለስ ነበር። ይህን ያስተዋልኩት ግን ብስክሌቴ ላይ ወጥቼ፣ ከድልድዩ ቀጥሎ ያለውን ኩርባ አልፌ መንገዱን ከተያያዝኩት በኋላ ነው። ከሐይቁ ተገንጥሎ ቁልቁል መውረድ የነበረበት የደንገል ቁራጭ፣ አንድ ነጭ ወፍ ጀርባው ላይ አሳፍሮ፣ ቀስ እያለ ሽቅብ ወደ ሐይቁ ይሄዳል። ቀደም ብዬ አይቼው ቢሆን ኖሮ ከቤት አልወጣም ነበር። እኔ ከዚህ ባነሰ ምክንያትም ከቤት የማልወጣ ሰው ነኝ።

መንገዱ የማውቀው ነው። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ከልጄ ከህሊና ጋር የምንነዳበት የወንዝ ዳር መንገድ ነው። በቀኝ ውሃው አለ፤ በግራ ዛፎቹ አሉ፤ ጎሕ ሲቀድ ጉሙ ከደንገሉ ላይ እየተነሳ ፊት ያረጥባል። ብስክሌት መንዳት የተማርኩት በአርባ ሁለት ዓመቴ ነው። ህሊና «ወንዝ ዳር ልነዳ» ስትለኝ ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረብኝ፤ ወይ መከልከል፣ ወይ መከተል። መከልከሉን ሞከርኩት፣ አልሆነም። ስለዚህ ተማርኩ። ጉልበቴ ተላጠ፣ ሰፈሩ ሳቀ፣ እኔም ነዳሁ። ከዚያ ወዲህ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነን። ዓይኔ ከቀይ ሹራቧ ላይ አይነሳም። ለጠየቀኝ ሁሉ «ለልጄ ብዬ ነው» እላለሁ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ህሊና ሰሐን እያጠበች ሳለ፣ «እማ፣ ነገ ብቻዬን ልሂድ? እስከ መንገዱ መጨረሻ» አለችኝ።

«እናያለን» አልኳት።

እኛ ቤት «እናያለን» ማለት «አይሆንም» ማለት ነው። እሷም ታውቃለች። ሰሐኑን ከወትሮው ጠንከር አድርጋ አስቀመጠችው። ያ ነገር ሕልሜ ውስጥም አልለቀቀኝም። ስለዚህ ውሃው ወደ ኋላ እንደሚሄድ ባየሁ ጊዜ መጀመሪያ የፈለግሁት ቀይ ሹራቧን ነው።

ከፊቴ ማንም አልነበረም።

«እማ፣ ፍሬን ያዢ» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ።

ዞር ስል ህሊና ናት። የኔን ነጠላ አጣፍታለች። የኔን ቦርሳም አንግታለች፤ ፕላስተሩ፣ ሎሚው፣ ዣንጥላውና ፊሽካው ያለበትን። ዕድሜዋ ያው አሥራ ስድስት ነው፤ ግንባሯ ላይ ግን የኔ መጨማደድ አለ።

«እዚያ ኋላ ምን ትሠሪያለሽ?» አልኳት።

«አንቺን ነዋ የምጠብቀው። ከሾላው ዛፍ እንዳታልፊ ብዬሻለሁ።»

«መንገዱ እኮ ከሾላው ላይ አያልቅም።»

«ስንት ጊዜ ልንገርሽ? ከሾላው ወዲያ ጥሩ አይደለም።»

ይህ የኔው አነጋገር ነው። ከሾላው ወዲያ አልፈን አናውቅም፤ የከለከልኩትም እኔው ነኝ። በሕልሜ ግን ምን እንደገባብኝ እንጃ፣ የመንገዱን መጨረሻ ሳላይ ላልመለስ ቆርጬ ነበር። ፔዳሉን ረገጥኩት።

ሾላው ሥር ልጆች ተሰብስበው ነበር። ረጅም አግዳሚ ላይ ተደርድረው፣ እግራቸው መሬት ሳይደርስ፣ የወላጆቻቸውን ጃኬት በክንዳቸው አንጠልጥለው ይጠብቃሉ። ወላጆቹ በብስክሌት እየጮኹና እየተሳሳቁ በፊታቸው ያልፋሉ።

«የኛዋ እጇን ለቃ መንዳት ጀምራለች» አለች የወተት ጥርሷ የወለቀ አንዲት ልጅ።

«ጓደኛ ነው የሚያበላሻቸው» አላት አጠገቧ ያለው ሕፃን ጡጦውን ከአፉ አውጥቶ። «የኔም አባት ድሮ እንዲህ አልነበረም።»

«ስንት ዓመቱ ነው ያንተ?»

«ሃምሳ ሁለት ሊሞላው ነው። እስካሁን ነፍስ አላወቀም።»

«ይደግልህ።»

«አሜን። ያንቺንም ያሳድግልሽ።»

ህሊና ሰላም ልትላቸው ቆመች። ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ።

«ያቺ ያንቺ ናት?» አላት ሕፃኑ።

«የኔ ናት» አለች ህሊና አንገቷን ደፍታ። «ምን ላድርግ፣ ምክር አትሰማም።»

ልጅ አምልጦ የሚጠፋው የእናት ሰላምታ ሲረዝም መሆኑን አውቃለሁ። እነሱ ስለ ጤና፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ዝናቡ እየተጠያየቁ ሳለ ሾላውን አለፍኩት።

ከሾላው ወዲያ ዓሦች በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሰው ያጠምዳሉ። ጀርባቸውን ለውሃው ሰጥተው፣ መንጠቆውን ወደ መንገዱ ወርውረው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ይጠብቃሉ። መንጠቆው ላይ የሰኩት ትኩስ ሳምቡሳ ነው። የእድራችን ዳኛ ጋሽ አስረስ በኮታቸው ኮሌታ ተይዘው አየር ላይ ይወዛወዛሉ። ሳምቡሳውን ግን አልለቀቁም።

«ምን ሆነው ነው ጋሽ አስረስ?» አልኳቸው።

«ምንም አልሆንኩ፣ ደህና ነኝ» አሉ እያላመጡ። «ወይዘሮ ስንዱ፣ በስብሰባው እንዳይቀሩ። ባለፈውም ቀርተዋል።»

ጺሙ የተንዘረፈፈ አንድ አምባዛ ዓሣ ጋሽ አስረስን በሁለት ክንፉ ከፍ ዝቅ አድርጎ መዘናቸው።

«ይሄ ገና ነው» አለ ለጓደኛው። «ትንሽ ይጥና።»

መልሶ መንገዱ ላይ ወረወራቸው። ጋሽ አስረስ ኮታቸውን አራገፉና ወደ ስብሰባቸው ሄዱ። እኔም መንጠቆዎቹን በጎን እየሸሸሁ አለፍኩ። ሳምቡሳው ሸተተኝ፤ ቁርስ አልበላሁም ነበር። ቢሆንም አልቆምኩም።

ቀጥሎ መንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ከገመዱ አጠገብ አንድ ጉማሬ የሚያብረቀርቅ ሰደርያ ለብሶ፣ ፊሽካ ነክሶ፣ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ወንበሩ ምን ያህል እንዳዘነ ከእግሮቹ ይታያል።

«ይቁሙ እናቴ» አለኝ። «የያዙት ፍርሃት አለ?»

«አለኝ።»

«እስቲ ያሳዩ። ባዶ እጅ አይታለፍም።»

ከኔ በፊት የመጣ አንድ ጎረምሳ «እኔ ምንም አልፈራም» ብሎ ኖሮ ተመልሶ ዳር ላይ ቆሟል። ያለቅሳል። እኔ ኪሴን ዳበስኩ። መጀመሪያ ፍሬን የሌለው ባጃጅ አወጣሁ። ቀጥሎ ባለቤት የሌለው ውሻ፣ ከዚያ የሚያንሸራትት ጭቃ፣ ከዚያ አውላላ መንገድ ላይ የሚፈነዳ ጎማ አወጣሁ። ጉማሬው አንድ በአንድ እያሸተተ ወደ ጎን አስቀመጣቸው።

«እነዚህን ማንም ይዞ ይመጣል» አለ። «ሌላ የለዎትም?»

«ጉማሬም እፈራለሁ።»

ፊሽካው ከአፉ ወደቀ።

«እኔን?»

«እርስዎን።»

«አይቀልዱብኝ እናቴ።»

«ምን ቀልድ አለው? ስለ እርስዎ ሳስብ ስንት ሌሊት ቁጭ ብዬ አድሬያለሁ።»

ጉማሬው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሰደርያውን አስተካከለ፤ ግራ ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እዚህ ከተቀመጥኩ ጀምሮ አንድ ሰው እንኳ ፈርቶኝ አያውቅም። ፎቶ ነው የሚያነሱኝ። አንዱማ ‹ትንሽ ፈገግ በል› አለኝ።»

«አይዞዎት» አልኩት።

ገመዱን በራሱ እጅ አነሳልኝ። «ይሂዱ። ቤት ላሉትም ይንገሩልኝ።»

ኪሴ ባዶ ሆኖ መንገዱን ቀጠልኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ለማንም አልተናገርኩም። መንገዱ ለስላሳ ነበር። ጎማው ከሥሬ ሲንሿሿ ይሰማኛል። ነፋሱ በሻሼ ገብቶ በጆሮዬ ሥር ይወጣል። አንዲት ሰማያዊ ወፍ ከውሃው ላይ ተነስታ ከብስክሌቴ እኩል በረረች። የምጠብቀው ሹራብ አልነበረምና ወፏን አየኋት። ውሃውንም አየሁት። ይህን ያህል ጊዜ እዚህ መንገድ ላይ ነድቼ፣ ውሃው ጠዋት ጠዋት እንዲህ አረንጓዴ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሳላስበው ሳቅሁ። ከዚያ ደነገጥኩ፤ እኔ ስስቅ አንድ ነገር ይመጣል ብዬ ነው የማምነው።

መጣም። ህሊና ነበረች። ጉማሬው ፊቷን አይቶ ሳይፈትሽ አሳልፏታል። ብስክሌቷን የሆነ ቦታ ጥላ በእግሯ ትሮጣለች። ደርሳ መቀመጫዬን ከኋላ ጨበጠችው።

«ልቀቂኝ» አልኳት።

«አልለቅም።»

«ልጄ፣ አቀበት ላይ ነኝ።»

እውነትም መንገዱ ወደ ላይ መነሳት ጀምሮ ነበር። አባይ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ቁልቁለቱ ሁሉ አቀበት ሆኗል። ጭኔ ነደደ። ተነስቼ ቆሜ ረገጥኩ። ሰንሰለቱ ይንቋቋል፣ ህሊና ትጎትታለች፣ እኔ እረግጣለሁ። አንዲት ክንድ ሄድኩ። ሌላ አንዲት ክንድ ጨመርኩ።

«እዚያ ጫፍ ላይ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?» አለችኝ እያለከለከች።

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። ታዲያ ለምን ትሄጃለሽ?»

«ደስ ስለሚለኝ ነው።»

ይህን ብዬ እኔው ደነገጥኩ። ዓሦቹ የሰሙኝ መሰለኝ። ህሊና መጎተቷን ተወች። እጇ ግን መቀመጫዬን አልለቀቀም።

«እኔስ?» አለች በመጨረሻ።

«አንቺ እዚህ ጠብቂኝ። ምንም አልሆንም።»

ይህ ደግሞ የሷ አነጋገር ነው። ከበር በወጣች ቁጥር የምትለኝ ይህንኑ ነው። ለሰሚው ምን ያህል እንደማይበቃ አውቃለሁ፤ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ግን ሌላ የምላት ነገር አጣሁ። እሷም እንዲህ የምትለኝ ሌላ አጥታ ነው መሰለኝ።

ለቀቀችኝ።

ብስክሌቱ ላባ ሆነ። ዞሬ ሳይ ህሊና መንገዱ መሐል ላይ ቆማለች፤ ዣንጥላውን ዘርግታ፣ መዳፏን ከዓይኗ በላይ ጋርዳ። እየራቅሁ ስሄድ እያነሰች፣ እያነሰች ሄደች። ልመለስ ብዬ ነበር። አልተመለስኩም። ፊቴን መለስኩና ረገጥኩ። የአቀበቱ ጫፍ ላይ አንድ በር ቆሟል። ግድግዳ የለውም፣ ጣሪያ የለውም፣ በር ብቻ ነው። ሰማያዊ ቀለሙና ከታች የተላጠው ቦታ የኛው ቤት በር መሆኑን ይናገራሉ። በሩ ገርበብ ብሏል። በስንጥቁ ብርሃን ይታያል፣ ብዙ ውሃም ይሰማል። የፊት ጎማዬ በሩን ገጨው።

ጉልበቴን አመመኝና ነቃሁ።

የገጨኝ የህሊና ብስክሌት ጎማ ነው። እኔ በሩ ሥር ወንበር ላይ ነኝ። እሷ ውጭ ስትሆን ሁልጊዜ የምቀመጠው እዚያ ነው። ጎማ ልታስነፋ ወጥታ ነበር፤ ስጠብቃት እንቅልፍ ወስዶኛል። በሩ ገርበብ ብሏል፣ ደጁ ጨልሟል።

«እማ፣ መግቢያውን ዘግተሽ ተኝተሽ በየት ልግባ?» አለችኝ ብስክሌቷን እየገፋች። «ደግሞ በእንቅልፍሽ እየሳቅሽ ነበር።»

ተነስቼ አሳለፍኳት። ብስክሌቷን ከኔው ጎን አቆመችና ጀርባዋን ሰጥታኝ ሰንሰለቱን ነካ ነካ አደረገች።

«የነገውን ተይው» አለች። «አብረን እንሄዳለን። አንቺ እንዲህ በር ላይ ቁጭ ብለሽ ከምትጠብቂኝ ይሻላል።»

«የለም፣ ብቻሽን ትሄጃለሽ» አልኳት። «እስከ መጨረሻው።»

ቀና ብላ ፊቴን መረመረችው። «እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው። አንቺ ስትመለሺ ደግሞ እኔ እሄዳለሁ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

ሳቅ ብላ ነበር። እኔ እንዳልሳቅሁ ስታይ ሳቋን ተወችው።

«ብቻሽን የት ነው የምትሄጂው?»

«እዚያው ወንዝ ዳር። ከሾላው ወዲያ።»

«ከሾላው ወዲያ? ጉማሬ ቢወጣስ?»

«ሰላም እለዋለሁ።»

«እማ፣ የምሬን ነው። ባለፈው እንኳ ኩርባው ላይ ልትወድቂ ምን ቀረሽ? እኔ ዞር ባልል ኖሮ ውሃ ውስጥ ነበርሽ። ስልክሽን ደግሞ አታነሺም። ጎማሽስ ቢፈነዳ ማን ይደርስልሻል?»

«ምንም አልሆንም» አልኳት።

የህሊና ግንባር ላይ ሕልሜ ውስጥ ያየሁት መጨማደድ መጣ። እጇን በሹራቧ ጠረገች፣ ብስክሌቴን ከጎማው እስከ መሪው አየችው፣ ከዚያ ወደ በሩ ሄደች።

«እናያለን» አለችኝ።

በሩን ዘጋች። ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረችው፣ በሩን ገፋ አድርጋ ሞከረችው፣ ቁልፉን ነቀለችና ኪሷ ከተተችው።