የጋሼ ይመር የመጀመሪያው ሞት

ፈሪ ሰው ጨዋታ ሲመርጥ እንኳ ይጠነቀቃል። ጎበዞቹ ተኩስ ያለበትን፣ መኪና የሚገለበጥበትን፣ ከፎቅ ፎቅ የሚዘለልበትን ጌም ይጫወታሉ። እኔ የመረጥኩት ሰዎች ዝም ብለው የሚኖሩበትን ነው። ሰው ትፈጥራላችሁ፣ ቤት ትሠሩለታላችሁ፣ አልጋና ምድጃ ታስገቡለታላችሁ፤ እሱም ይተኛል፣ ይበላል፣ ሥራ ይሄዳል፣ ከሚስቱ ጋር ይኳረፋል፣ ያረጃል። በቃ ይኸው ነው። ከዚህ ሁሉ ምኑ ያስፈራል? እኔም እንዲሁ ብዬ ነው የገባሁበት። መኖር ከተኩስ የባሰ አደገኛ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

አራጋው እባላለሁ፤ መካነ ሰላም ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። እናቴ የደም ግፊት አለባት፤ ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይነካት ብሎ ለእኔ አደራ ሰጥቶኛል። አደራውን ከተቀበልኩ ወዲህ እሷ ደንግጣ አታውቅም፤ የምደነግጠው እኔ ነኝ። ብርጭቆ ሲወድቅ እደነግጣለሁ፣ ስልክ ሲጠራ እደነግጣለሁ፣ እሷ ብዙ ስትተኛ እደነግጣለሁ፣ ቶሎ ስትነሳም እደነግጣለሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ላፕቶፔን ከፍቼ ወደ ጌሙ ቤት የምገባው ከዚህ ሁሉ ትንሽ ለማረፍ ነበር።

ብቻውን የሚስቅ ሰው ደግሞ ጎረቤት ይታዘበዋል። ስለዚህ ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፈትኩና በዚያ ቤት የሆነውን ከዕለት ሐሳቤ ጋር እየቀላቀልኩ መጻፍ ጀመርኩ፤ ስለ ክረምቱ ጭቃ፣ ተማሪዎቼ በፈተና ዓባይን ወዴት ወዴት እንደሚያፈሱት፣ የደሴ አውቶቡስ መስኮት ሲከፈት ሰው ሁሉ ለምን እንደሚቆጣ። አንባቢዎቼ ተማሪዎቼና በየከተማው የተበተኑ ያገሬ ልጆች ናቸው።

ስም ማውጣት ላይ ግን ሰነፍ ነኝ። የጌሙን ሰዎች በዘመድና በጎረቤት ስም ጠራኋቸው። የቤቱ አባወራ የእናቴ ወንድም ጋሼ ይመር ሆኑ። እውነተኛው ጋሼ ይመር ከላላ ነው የሚኖሩት፤ እናቴ ከእሳቸው ሌላ የቀራት ወንድምም እህትም የለም። ስማቸውን ለጌም ሳውስ ይህን አላሰብኩም። ፈሪ ነኝ አልኩ እንጂ አስተዋይ ነኝ አላልኩም።

እናላችሁ አንድ ቀን የጌሙ ጋሼ ይመር ወጥ ሊሠሩ ምድጃ ለኮሱ። እኔ ለእናቴ መድኃኒቷን ላቀብላት ተነስቼ ነበር። ስመለስ ማድ ቤቱ ይነዳል፤ ጋሼ ይመር መሃል ላይ ቆመው እጃቸውን ያወናጭፋሉ። የምይዝ የምለቀውን አጣሁ። እሳት አደጋ ልጠራ ብዬ ተጫንኩ፤ ለካ በድንጋጤ ፍሪጅ ገዝቻለሁ። ፍሪጁ ደርሶ ጥግ ላይ ሲተከል ጋሼ ይመር አልነበሩም።

ሳቄም መጣ፣ ትንሽ አዘንኩም። ወዲያው ቻናሌ ላይ እንደ ወጉ ጻፍኩላቸው፤ ጋሼ ይመር ወጥ ሲሠሩ በተነሳ ድንገተኛ እሳት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል፣ ለወዳጅ ዘመድ መጽናናትን እመኛለሁ አልኩ። ሌላ ጊዜ ከጽሑፉ አናት ላይ «ከጌሙ ቤት» የምትል መስመር አስቀምጣለሁ። ያን ዕለት ኔትወርኩ ሊሄድ ሲል ስላየሁ ቶሎ ልላከው ብዬ ተውኳት። ጽሑፉ ሄደ፤ ኢንተርኔቱም ተከትሎት ሄደና ሦስት ቀን ሙሉ ሳይመለስ ቀረ።

በአራተኛው ቀን ገና ወገግ ሲል በራችን ተንኳኳ።

እዚህ እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። ዘመድ የሞተበት ሰው ከሁሉ መጨረሻ ነው የሚሰማው፤ እስከዚያ አገር ሁሉ ያውቃል፣ አገር ሁሉ ይዋሸዋል። «ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው እንጂ» ይባላል። ከዚያ በማለዳ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይመጡና መርዶውን ይነግሩታል። ስለዚህ የመካነ ሰላም ሰው ማለዳ በር ሲከፍት በመጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ራስ መቁጠር ነው። አንድ ሰው ከሆነ ዕቃ ሊዋስ ነው። ሁለት ከሆኑ ተጣልተው አስታርቀን ሊሉ ነው። ከዚያ በላይ ከሆኑ እንግዲህ ምን ይባላል?

በሩን ስከፍት ስድስት ነበሩ። ከፊት ጎረቤታችን ሼህ እንድሪስና የሰፈራችን ቄስ መምሬ አስፋው ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ከኋላቸው አራት የእድር ሽማግሌዎች። ሼህና ቄስ በማለዳ አንድ ላይ የሚመጡት ወይ ለእርቅ ነው ወይ ለሞት። እኛ ቤት የተጣላ ሰው አልነበረም። በአጥሩ በኩል ሴቶች ድምፃቸውን አጥፍተው ወደ ጓሮ ሲያልፉ አየሁ፤ አንደኛዋ በጆግ ውሃ ይዛለች። ያ ውሃ ራሱን ስቶ ለሚወድቅ ሰው መሆኑን አውቃለሁ።

ገብተው ተቀመጡ። ስለ በልጉ ጠየቁኝ። ስለ ተማሪዎቹ ጠየቁኝ። አንደኛው ሽማግሌ ጣሪያችን ያፈስ እንደሆነ ጠየቁኝ። ቀጥ ብሎ የሚናገር ሰው ጠፋ። እኔ በሆዴ ዘመዶቼን አንድ በአንድ እየጠራሁ ነው፤ አጅባር ያለው ወንድሜ፣ ደሴ ያለችው የአባቴ ወንድም ልጅ ብርቱካን፣ ማሻ የተዳረችው እህቴ። እያንዳንዳቸውን ገደልኳቸው፣ አለቀስኩላቸው፣ መልሼ አስነሳኋቸው። ፈራሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ከሁሉ የፈራሁት ግን ለሞተው አይደለም፤ ከመጋረጃው ጀርባ ለተኛችው እናቴ ነው። ማን ይሁን ማን፣ ወሬው መጋረጃውን አልፎ እሷ ጋ ሲደርስ ምን ትሆናለች?

በመጨረሻ ሼህ እንድሪስ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉና «አብሽር» አሉኝ። ወሎ ውስጥ አብሽር ማለት አይዞህ ማለት ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ይለዋል፤ እኔም በቀን አሥር ጊዜ እለዋለሁ። በማለዳ ከሽማግሌ አፍ ሲወጣ ግን ሌላ ነው። ቀጥለው በሹክሹክታ፣ የይመር ነገር ለእናትህ ሳይነገር ሦስት ቀን አለፈው፣ ዛሬ ትስማና ይውጣላት አሉኝ።

እናንተ ተረጋግታችሁ ስታነቡት ነገሩ ወለል ብሎ ይታያችኋል። እኔ ተረጋግቼ አልነበረም። የሼህ እንድሪስ ስልክ ከመደወልና ከማንሳት በቀር ሌላ ሙያ የላትም፤ ከቴሌግራም ጋር ምን አገናኛቸው ብዬ ልጠርጥር? ሐሳቤ ላይ የተተከለው «ሦስት ቀን» የሚለው ብቻ ነው። ያቃጠልኳቸው ከሦስት ቀን በፊት ነው። እኔ እዚህ በጨዋታ ስገድላቸው እሳቸው እዚያ በእውነት ሞተዋል። መቼ ነው የሞቱት ብዬ እያለቀስኩ ጠየቅሁ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። መምሬ አስፋው ኀዘኑ አእምሮውን ነክቶታል ብለው ነው መሰለኝ መስቀላቸውን ከጋቢያቸው ስር ይፈልጉ ጀመር።

መጋረጃው ተገለጠ። እናቴ በሌሊት ልብሷ ቆማለች። ማን ነው አለች። ማንም አልመለሰላትም። ይመር ነው አለች። አሁንም ዝም። እዚህ አገር ዝምታ ሙሉ መልስ ነው። ግድግዳውን በአንድ እጇ ደግፋ፣ በምን ሞተ ብላ ጠየቀች። መምሬ አስፋው አንገታቸውን ደፍተው፣ በእሳት ነው አሉ፣ ማድ ቤት ገብቶ ወጥ ሲሠራ።

እናቴ ለኡኡታ የከፈተችውን አፍ መልሳ ዘጋችው። ይመር ከተወለደ ጀምሮ የማድ ቤት ደፍ ረግጦ አያውቅም አለች፤ ሚስቱ ለቅሶ ሄዳ ያደረች ጊዜ ቤት ሙሉ እህል እያለ ጦሙን ያደረ ሰው ነው፣ ይህን ማን ነገራችሁ አለቻቸው። ሼህ እንድሪስ ቅር እያላቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። ልጅሽ ራሱ ነው የጻፈው አሉ። ብርቱካን ደሴ ሆና አንብባው፣ አራጋው ለእናቱ መንገር ጨንቆት ብቻውን ታቅፎት ይሆናል፣ እባካችሁ ድረሱለት ብላ በስልክ እያለቀሰች ለምናናለች።

ስድስት ሽማግሌና አንዲት እናት ወደ እኔ ዞሩ።

ጌም ማለት ምን እንደሆነ ለሼህ፣ ለቄስና ለአራት የእድር ሽማግሌ በባዶ ሆድ አስረድታችሁ ታውቃላችሁ? መብራት ስላልነበረ ላፕቶፑ ሞቷል፤ በእጄ ብቻ ነው የማስረዳው። መምሬ አስፋው በጥሞና ሰሙኝና፣ ሰውየውን ማን ፈጠረው ብለው ጠየቁ። እኔ አልኩ። ምድጃውንስ ማን አስገባለት? እኔ። ሲቃጠል የት ነበርክ? ፍሪጅ እየገዛሁ። ሼህ እንድሪስ «አስተግፊሩላህ» ብለው መሬት መሬት አዩ።

የሚገርማችሁ ግን ሽማግሌዎቹ አመኑኝ፤ ያላመነችኝ እናቴ ናት። ምን ታድርግ? እሷ ራሷ ለስንቱ ጎረቤት «ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው» ብላ ዋሽታለች። የዚህን አገር የመርዶ ውሸት ከነዓይነቱ ታውቀዋለች። አሁን ልጇ ተነስቶ የሞተው ወንድምሽ ሳይሆን በኮምፒውተር ውስጥ ያለ ስመ ሞክሼው ነው ይላታል። እንዲህ ያለ ትልቅ ውሸት የሚዋሸው ለትልቅ ሞት ነው ብላ ደመደመች። እኔ በማልኩ ቁጥር እሷ ይበልጥ አመነች፤ መሞታቸውን ማለቴ ነው። ቄሱና ሼሁም አብረው ይመር አልሞተም ብለው ሲምሉላት ጭራሽ ተስፋ ቆረጠች። ከንፈሯ ደረቀ፣ እጇ ወደ ደረቷ ሄደ፣ ትንፋሿ አጠረ። ሴቶቹ ውሃውን ይዘው ገቡ። አጎቴን በጌም ገድያለሁ፤ እናቴን ግን በእውነት ልገድላት ነው።

ጋሼ ይመር ጋ ደወልኩ፤ ስልካቸው ዝግ ነው። እንደገና ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ሼህ እንድሪስ የከላላ ገበያ ቀን መሆኑን አስታወሱና እዚያ ለሚያውቁት እህል ነጋዴ ደወሉ። ይመርን ፈልግልን አሉት። ምን ልበለው አለ። ምንም አትበለው፣ መኖሩን ብቻ እይልን አሉት። ሰውየው ምን እንዳሰበ አላውቅም።

ከዚያ ጠበቅን። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ወለሉ ላይ እስክትደርስ ጠበቅን። የእናቴን እጅ ይዤ የደም ሥሯን ምት እቆጥራለሁ፣ ይጠፋብኛል፣ እንደገና እጀምራለሁ። ደግሞ ሌላ ፍርሃት መጣብኝ፤ እሳቸው ሽማግሌ ናቸው፣ ዛሬ በአጋጣሚ በእውነት ሞተው ቢገኙስ? ማን ያምነኛል? አምላኬን ለመንኩት። ሁለተኛ ለማንም ምድጃ አልገዛም ብዬ ተሳልኩ።

ስልኩ ሲጠራ ሁላችንም ብድግ አልን። ጋሼ ይመር ገበያ ውስጥ በቅሎ ሲያማርጡ ተገኝተዋል። እንደ ልማዳቸው ስልኩን ሳይሆን ከላላንና መካነ ሰላምን የሚያለያየውን ሸለቆ የሚያናግሩ ይመስል እየጮኹ ነው። እናቴ ድምፃቸውን ስትሰማ ያን ሁሉ ሰዓት የያዘችው ለቅሶ ወጣላት። ማን ሞቶ ነው የምታለቅሺው አሏት። አንተ አለቻቸው። በምን አሉ። ነገረቻቸው። አሁን አራጋውን አቅርቢልኝ አሉ።

ሊረግሙኝ ነው ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት። ሞቱንስ ግዴለም አሉኝ፣ ሰው ነኝ፣ እሞታለሁ፤ ግን ወጥ ሲሠራ ሞተ ተብዬ ከዚህ ገበያ እንዴት ልቁም? ማስተካከያ እንድጽፍ አዘዙኝ። አለመሞታቸው ሳይጻፍ ቢቀርም ግድ የላቸውም፤ ወጥ አለመሥራታቸው ግን በግልጽ ይጻፍ አሉ። ኢንተርኔቱ በተመለሰ ሰዓት ጻፍኩ።

ሽማግሌዎቹ መርቀውኝም ገስጸውኝም ወጡ። ሼህ እንድሪስ በሩ ላይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ እኔስ እዚያ ቤት አለሁ ወይ ብለው ጠየቁኝ። የሉም አልኳቸው። አላህ ይወቅልኝ፣ ከጋሼ ይመር ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው ያሠፈርኳቸው።

ቤቱ ጭር ሲል እናቴም ያንኑ ጠየቀችኝ። እኔስ አለሁበት? የለሽም እማዬ አልኳት፤ ይህ እውነት ነው። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ፊቷ ጠቆረ። ይመርን አስገብተህ፣ እኔን ወለደችኝ ሳትል ተውከኝ አለች። እዚያ ቤት ሰው ያረጃል፣ ያረጀም ይሞታል፤ እኔ ደግሞ አንቺን እንዲያ ስትሆኚ ለማየት ድፍረቱ የለኝም ይባላል? አስገባሻለሁ አልኳት። ዛሬውኑ አለች።

መብራት መጣና ተቀመጥኩ። ሽበቷን፣ ሹሩባዋን፣ ነጠላዋን የሚመስል ጨርቅ አገኘሁላት፤ ፈገግታዋ አልመጣልኝም። ሠርቼ ስጨርስ ከቤቱ በር ላይ አቆምኳት። የጌሙ ጊዜ ሊንቀሳቀስ ሲል ማቆሚያውን ተጫንኩ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ፀሐይ አትጠልቅም፣ ምድጃ አይለኮስም፣ ማንም አያረጅም። ቻናሌም ዝም አለ፤ አንባቢዎቼ ምን ሆንክ ይሉኛል።

እናቴ ግን በየቀኑ እየጠየቀችኝ ነው፤ ዛሬስ እዚያ ምን ስሠራ ዋልኩ ትለኛለች። በር ላይ ቆመሻል እላታለሁ። ትናንትም በር ላይ ቆመሻል አልኳት። ነጠላዋን አስተካክላ ደህና አድርጋ አየችኝና፣ ሳምንት ሙሉ ደጅ ላይ ቆሜ፣ እዚያ ቤት አንድ እንኳ ግቢ የሚለኝ ሰው የለም ወይ አለችኝ።