ቡሌ የወጣው ፍሪዘር

ማሽን ገዝቶ ያላበላሸ ወንድ አለ ካላችሁኝ፣ ማሽኑን ገና ከሳጥኑ ያላወጣ ወንድ ነው! በዚህ የምትቀየሙኝ ወንዶች ካላችሁ... ተቀየሙ። ወንድ በግ ሲገዛ እንኳ ቢያንስ ጥርሱን አያለሁ ይላል። ማሽን ግን ጥርስ የለውም፤ ስለዚህ ቀለሙን አይቶ ይገዛል።

የኔው ባለቤት፣ አቶ ተክሌ፣ ነጭነቱን አይቶ ነው የገዛው።

የምንኖረው ዲላ ነው። እኔ የባልትና መምህርት ነኝ፤ እሱ መዝገብ ቤት ይሠራል። አንድ ቅዳሜ፣ መንገድ ሲሠራ የከረመ ፈረንጅ ዕቃውን ሸጦ አገሩ ሊገባ ነው ተባለ። ሌላው ሰው አልጋ ገዛ፣ ወንበር ገዛ። የኔ ጌታ ግን አንድ ነጭ ሳጥን ለአራት ሰው አሸክሞ፣ እሱ ከፊት ከፊት እየመራ እንደ ታቦት አጀብ መጣ።

«ምንድነው?»

«ፍሪዘር!»

«ምን ያደርጋል?»

«በረዶ ይሠራል።»

«በምን?»

«በላምባ።»

«ላምባ ይነዳል እንጂ በረዶ ይሠራል እንዴ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ አንቺ ባልትናሽን አስተምሪ! ይኼ ሳይንስ ነው።»

እውነቱን ለመናገር ሠራ። ከሥሩ እንደ ፋኖስ ክር ያለው ነገር አለ። ክሩ ሲለኮስ ሙቀቱ ከበስተኋላ ባለው ቱቦ ይወጣል፤ ውስጡ ግን ይቀዘቅዛል። እንዴት ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። በሁለተኛው ቀን ክዳኑን ከፍቼ በድስት ያስቀመጥኩት ውሃ ድንጋይ ሆኖ ሳገኘው ክው አልኩ። እሳት አመድ ወለደ ሲባል እሰማለሁ፤ እሳት በረዶ ሲወልድ ያየሁት ግን በገዛ ቤቴ ነው!

ፈረንጁ የአያያዙን መጽሐፍ አብሮ ሰጥቶታል። በምን ቋንቋ እንደተጻፈ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ተክሌ መነጽሩን አድርጎ አንድ እሑድ ሙሉ ሲገልጠው ዋለ።

«ገባህ?» አልኩት።

«ሥዕል አለው» አለኝ።

ፈረንጁ ምስኪን፣ ቋንቋ ቢያጥረው በእጁ በእግሩ እያሳየ አስረድቶት ነበር፤ ከግድግዳ አርቀው፣ ወለሉ የተስተካከለ ይሁን፣ ክሩን ከርክም፣ ቱቦውን ጥረግ፣ ክዳኑን ያለ ነገር አትክፈት። ተክሌም ራሱን ሲነቀንቅለት ነበር። ራስ መነቅነቅማ ማን ይበልጠዋል! ቤት ሲደርስ ግን «ክፍተት ያስጠላል» ብሎ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። የሳሎናችን ወለል ደግሞ ወደ ጓሮ ያዘነበለ ነው፤ ብርቱካን ብታስቀምጡበት ተንከባሎ ጓሮ ይወጣል። እኔ የሠራሁትን ዳንቴል አለበሰው። ከዚያ በኋላ እንግዳ በመጣ ቁጥር ዳንቴሉ ይነሣል፣ ክዳኑ ይከፈታል፣ «እጃችሁን አስገቡ!» ይላል። ሰውም እጁን ሰዶ «ውይ!» ብሎ ያወጣል። የሚቀጥለው ደግሞ ይሰዳል... ፍሪዘር ነው ወይስ ጠበል?

እሳቱ ሰማያዊ መሆኑ ቀርቶ ቢጫ ምላሱን ማውጣት ጀመረ። ግድግዳው ጠቆረ። «ክሩን ልከርክመው፣ ቱቦውን ልጥረገው» ስለው፣ «አትንኪ! ታበላሺዋለሽ» ይለኛል። ይኼን የሚለው ማንን መሰላችሁ? ከሰባት ዓመቷ ጀምራ ፋኖስ ስትጠርግ ያደገችን ሴት! ውስጡ ያለው በረዶ ደግሞ እንደ ግንብ እየወፈረ መጣ። እሳቱን አጥፍቶ ማሟሟት ሲገባው፣ የሽንኩርት ቢላዬን ወስዶ ግንቡን ይወቅረው ገባ። የቢላዬ ጫፍ ተሰበረ። እሱ «ብረቱ ደካማ ነው» አለ። ባየሁት ነገር ሁሉ ጥፋት የሌለበት እሱ ብቻ ነው።

ይኼ ሁሉ ግን በራሳችን ቤት የቀረ ሞኝነት ነበር። ነገር የመጣው በፋሲካ ነው።

አራት ቤት ሆነን አንድ በሬ ለቅርጫ ጣልን። ከኛ ሌላ ጎረቤታችን እማማ ዘነበች አሉ፤ ባላቸው የሞተባቸው ባልቴት ናቸው። አብሮኝ የሚያስተምረው መምህር ጂግሶ አለ፤ አንድ የልብስ ሰፊ ቤተሰብም አለ። ስጋው ተመድቦ ሲያልቅ ተክሌ እጁን አነሣ።

«ዘንድሮ ማንም ሰው ቋንጣ አይዘለዝልም! ለበዓሉ የሚበላውን ያዙ፤ የቀረው እኔ ቤት ይገባል። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ እንደ ዛሬ ትኩስ ሆኖ ትበላላችሁ።»

ሰው አጨበጨበ! እማማ ዘነበች ብቻ ድርሻቸውን ታቅፈው ቆሙ።

«ልጄ ይርጋ ጨፌ ልትወልድ ቀኗ ደርሷል። ይኼ ለአራሷ የምወስደው ነው። ማክሰኞ ነው የምሄደው... አደራ ተክሌ።»

«እማማ፣ ፍሪዘር እያለ አደራ ምን ያደርጋል!»

ፍሪዘርና አደራ አንድ መስለውት!

ማክሰኞ ጠዋት ሳሎኑን ልጠርግ ስገባ ከሳጥኑ ሥር ቀይ ውሃ በቀስታ ወደ ጓሮ ይወርዳል። የጓሮውን በር ከፈትኩ። የሰፈሩ ውሾች ተሰልፈው ቆመዋል። ከኛ ቀድመው አውቀዋል ማለት ነው!

«ተክሌ! ቀልጧል!»

መጣ፤ አየ፤ ጎንበስ ብሎ ላምባ ጨመረበት። እሳቱ ቦግ ብሎ ጥቁር ጢስ ተፋ።

«አሁን ይይዛል። ለማንም እንዳትነግሪ። ስማችን ይጠፋል።»

እኔስ ምን አደረግሁ? መዋሸት ምን ይሠራልኛል፣ ዝም አልኩ። አፍሬ ነዋ! የባልትና መምህርት ቤት ስጋ ሸተተ ሲባል ይታያችሁ። ጃንጥላዬን ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩና ስለ ምግብ ንጽሕና አስተማርኩ። አንዷ ተማሪ ተነሥታ «እትዬ፣ ስጋ ሳይበላሽ እንዴት ይቆያል?» ብትለኝ ጠመኔው ከእጄ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ መደበቅ አቃተኝ። በምሳ ሰዓት ወጥቼ በየቤቱ ዞርኩ። «ስጋችሁን ውሰዱ! ፍሪዘሩ ሞቷል!» እያልኩ በዝናብ ስሮጥ ያየኝ ሰው ያበድኩ ሳይመስለው አልቀረም።

መምህር ጂግሶ ከነሚስቱ መጣ። ክዳኑን ከፍቶ ትንሽ አሸተተና ወደኔ ዞሮ፣ ሴትና ወንዱን በሚያቀላቅለው አማርኛው፣ «እህቴ፣ ሳጥኗ እኮ ላብ አላበው» አለ። «እኛ አገር ስጋ እንሰት ቅጠል ጠቅልለን ጢስ ላይ እንሰቅላት ነበር። ጢሷ ላምባ አይጠጣም!»

ከላይ ከላይ የነበረው ስጋ ዳነ። በዚያ የበልግ ዝናብ ከቤት ውጭ ምን ይደርቃል? ሁሉም ድርሻውን ዘልዝሎ በየማድ ቤቱ ጢስ ላይ ሰቀለ። አትዘለዝሉም የተባለው ቋንጣ በእጥፍ ተዘለዘለ። ከታች፣ ውሃው ውስጥ ተዘፍዝፎ የነበረው ግን የሚነሣ አልነበረም። የማን ነበር? አምነው የሰጡት፣ ተክሌም «ከሥር ይበልጥ ይቀዘቅዛል» ብሎ ያስቀመጠው የእማማ ዘነበች ነዋ።

እማማ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው አዩት። አልጮኹም።

«መቼ አየሽው ልጄ?»

«ጠዋት... አንድ ሰዓት ላይ።»

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«ስምንት ሰዓት።»

«ስምንት ሰዓት» አሉ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር! ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ያዝኩ። ከዚያ የራሳችንን ድርሻ ገና ያልደረቀ ቋንጣ እስከ መጨረሻው ሰብስቤ በቅርጫት አድርጌ፣ ተክሌ ለዳግማይ ትንሣኤ ሲያደልበው የከረመውን በግ ከጓሮ ፈትቼ ገመዱን በእጃቸው ሰጠኋቸው። ተክሌ አፉን ከፈተ። አየሁት። ዘጋው። ከፍሪዘሩ ክዳን ይልቅ ጥብቅ ብሎ የተዘጋ ነገር ያን ቀን አየሁ።

እማማ በጉን እየጎተቱ ወደ መኪና ሄዱ። በሳምንቱ ልጃቸው በሰላም ወንድ መውለዷን ልከው አሳወቁኝ፤ «በጉ ሰብቶ ነበር፣ እግዜር ይስጥሽ» የሚል ቃልም ነበረበት። አልቅሼ ሳልጨርስ ሳቅሁ።

እንግዲህ ተክሌ ከዚህ ተማረ ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል... የዋሆች! ሁለት ሳምንት ሙሉ አኩርፎ ካሰበ በኋላ ምክንያቱን አገኘው።

«ጥፋቱ የዲላ ነው!»

«ምን አደረገች ዲላ?»

«ሞቃት ናት። ይኼ ማሽን ለብርድ አገር የተሠራ ነው። ቡሌ ብናወጣው ይሠራል።»

ቡሌን ለማታውቁ፣ ደጋ ነው። ሰው በእኩለ ቀን ጋቢ ለብሶ እጁን የሚያፍተለትልበት አገር። የተክሌ አጎት ጋሽ ወልዴ እዚያ ይኖራሉ። በረዶ መሥሪያ ይዞ ቡሌ መውጣት ማለት ውሃ በእንስራ ሞልቶ ወደ ወንዝ እንደ መውሰድ ነው። ግን ማን ይሰማኛል?

ዝናቡ ጋብ ሲል ቀርከሃ ሊጭን ወደ ቡሌ የሚወጣ የጭነት መኪና ተገኘ። ሾፌሩ ማሞ ይባላል፤ በወጣትነቱ የመንገድ ሠራተኞች ካምፕ ወጥ ቤት ያገለገለ ሰው ነው። ተክሌ ቀድሞ ጋቢና ገብቶ ተቀመጠ። ማሞ የላምባውን መያዣ ከሥሩ አወጣ፣ ክዳኑን በገመድ ጠፈረ፣ ከዚያ ከረዳቱ ጋር ፍሪዘሩን አንሥቶ... ገልብጦ በጭንቅላቱ አቆመው!

«ኧረ ማሞ!» ስል፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ «ዝም በይ እትዬ» አለኝ። ዝም አልኩ። ይኼኛውን ዝምታ አልተጸጸትኩበትም።

መንገዱን መንገድ ማለት መንገድን መስደብ ነው። መጨረሻው ዳገት ላይ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ስምንት ሰዎች ተጠርተው፣ ፍሪዘሩን እንደተዘቀዘቀ በሁለት ቀርከሃ መካከል አስረው ተሸከሙት። ላዩን ከዝናብ እንዲሸፍን ነጭ አንሶላ ጣልኩበት። ተክሌ በጥቁር ካፖርቱ አንገቱን ደፍቶ ከኋላ ይከተላል። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች አገኙን። ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ነፍስ ይማር! ማን ነው ያረፈው?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ፍሪዘር ነው» አለ ተክሌ።

ሽማግሌው ስሙን ለማስታወስ ትንሽ አሰቡ። «አላውቀውም። እንግዳ ነው? ለማንኛውም እግዜር ያጥናችሁ» ብለው አብረውን ቀበሩ... ማለቴ አብረውን ሸኙ፣ እስከ ጋሽ ወልዴ ደጅ ድረስ!

የጋሽ ወልዴ ሚስት፣ እትዬ አስካለ፣ የቱቦውን ጥላሸት እንዳዩ «ይኼ ጥቀርሻ ቤቴ አይገባም!» አሉ። ደጅ አስቁመው ቱቦውን በቀርከሃ ጫፍ ላይ ጨርቅ አስረው ወለወሉት። ክሩን በመቀስ ከረከሙት። ጋሽ ወልዴ ደግሞ የወለሉን መስተካከል በሳህን ውሃ ለክተው፣ ከግድግዳው አርቀው፣ ድንጋይ እየሸጎጡ ቀጥ አድርገው አቆሙት። አንድም ሰው መጽሐፍ አልገለጠም። ማሞ የላምባውን መያዣ መልሶ ክሩን ለኮሰ። እሳቱ እንደ ሰማይ ሰማያዊ ሆነ።

በማግስቱ ጠዋት ተክሌ ክዳኑን ከፍቶ ጮኸ። «በረዶ! አላልኩም? የዲላ ሙቀት ነው!»

ማሞ ሳል ሳል አለ። «አይ ጋሼ፣ ካምፕ ሳለን እንዲህ ያለ ዕቃ ሲያምፅብን ዘቅዝቀን እናሳድረው ነበር። ውስጡ ያለው ነገር ይናጥና ቦታ ቦታውን ይይዛል። ለዚህ ነው ገልብጬ የጫንኩት።»

ተክሌ አልሰማም። ባርኔጣውን አስተካክሎ ለአጎቱ ስለ ደጋ አየርና ስለ ሳይንስ እያብራራ ነበር።

ጋሽ ወልዴ ታግሠው ሰሙና፣ «ልጄ» አሉ፣ «ብርድማ እዚህ በነጻ አለ። እኛን የቸገረን ሙቀት ነው። ሙቀት የሚሠራ ሳጥን የለህም?» ይኼን እያሉ ወደ ፍሪዘሩ ጀርባ ዞሩ። ከቱቦው የሚወጣው ሙቀት እጃቸውን ነካው። በርጩማ አስመጡ። ጀርባቸውን ለቱቦው ሰጥተው ጋቢያቸውን ከፈቱ። ፊታቸው ሲፈታ አየሁ።

«አስካለ» አሉ፣ «ነይ ሙቂ።»

ከሰዓት በኋላ ተክሌ «እንግዲህ እንጫነው» ሲል፣ ባልና ሚስቱ ከፍሪዘሩ ጀርባ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር።

«ማንን?» አሉ ጋሽ ወልዴ። «ሆዱ ያንተ ይሁን፤ ስትመጣ በረዶህን ትወስዳለህ። ጀርባው ግን ከዚህ አይነቃነቅም!»

አጎት ነው፣ ምን ይባላል? መኪናውን ከጭቃው አስወጥተን፣ ቀርከሃ ጭነን ወረድን። ተክሌ መንገዱን ሁሉ «አየሽ፣ የአየር ጠባይ ነው... እኔ ድሮም ብያለሁ... አሁን ለዲላ የሚሆን ሌላ ዓይነት ቢገኝ...» ይላል።

እኔ ወደ ማሞ ዞርኩ። «ማሞ፣ አልሠራ ያለውን ዘቅዝቃችሁ ስታሳድሩት ሁልጊዜ ይድናል?»

«ሁልጊዜ ባይሆንም ብዙውን ጊዜ እትዬ።»

«ለባልስ?»

ማሞ በመስታወቱ ወደ ተክሌ አየት አደረገ፣ መሪውን አዞረ፣ ትንሽ አሰበበትም።

«በሰው አልሞከርነውም» አለኝ፤ «ግን ገመድ አለኝ።»