በሒሳብ አርባ ስምንት ሰበብ በአብላጫ ድምጽ የሞትኩበት ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ። ስንተኛው ቀን እንደሆነ አልተመዘገበም። የቀን መቁጠሪያው የተሰቀለው ከእትዬ ራስ በላይ ነው፣ እሳቸው ደግሞ «ለዚህ ብዬ አንገቴን አላዞርም» ብለዋል።

ቦታ፦ ሳሎናችን። የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ እንዳለ ነው።

ሰዓት፦ በግድግዳው ሰዓት ስምንት፣ በሊቀመንበሩ የእጅ ሰዓት ስምንት ተኩል። ጥቂት ከተጨቃጨቅን በኋላ ስምንት ከሩብ ይሁን ተባለ። ስምንት ከሩብ የሚል ሰዓት ግን ቤታችን ውስጥ የለም።

የተገኙ፦

ሊቀመንበር፣ ትልቁ ልጄ። መዝገብ ቤት ነው የሚሠራው። እዚያ ስብሰባ ላይ የሚያናግረው ስለሌለ ቅዳሜ ቅዳሜ እኛን ይሰበስባል።

ልጄ ልብስ ሰፊዋ፣ የአመልካቿ እናት። የሰው ቀሚስ ይዛ ገብታ ጠርዙን እየሰፋች ነው።

ታናሹ ልጄ ታክሲ ነጂው። ጠግቦ ነው የመጣው፣ ስለዚህ ይቀልዳል።

እትዬ፣ የባለቤቴ ታላቅ እህት። ሳይጠሩ ተገኝተዋል።

ሽማግሌዬ። ሶፋው ላይ ተኝቷል። ለምልዓተ ጉባኤ ይቆጠር አይቆጠር የሚል ክርክር ተነስቶ ታክሲ ነጂው «እስከተነፈሰ ድረስ አባል ነው» ስላለ ተቆጠረ። ምልዓተ ጉባኤው ሞላ።

ጸሐፊ፣ እኔ። ጸሐፊ የሆንኩት ጽሕፈቴ አምሮ አይደለም፣ የማታ ትምህርት ገብቼ የለቃቀምኩትን ነው የምጽፈው። ሊቀመንበሩ «የሚጽፍ ሰው አይናገርም» የሚል ደንብ አወጣና ብዕሩን ለእኔ ሰጠኝ። ለምን ለእኔ እንደሰጠኝ አላጣሁትም። ይኸው እየጻፍኩ ነው።

ያልተገኘች፦ የልጅ ልጄ፣ አመልካቿ። አጎቷ ታክሲ ነጂው «ሊፍት» ነው የሚላት፣ ውጤቷ ወጣ ወረድ ስለሚል። ስብሰባው ስለ እሷ ቢሆንም «የጥቅም ግጭት አለባት» ተብሎ መኝታ ቤት እንድትቀመጥ ተደርጓል።

አጀንዳ አንድ፦ ነገሩ ምን እንደሆነ

ሊቀመንበሩ ሲያስረዳ፣ ልጅቷ የዩኒቨርሲቲው ቢዝነስ ትምህርት ቤት ካልገባሁ ብላለች፣ ማመልከቻው ሰኞ ይዘጋል፣ የዘንድሮ ውጤት ለከርሞ አይሠራም፣ ስለዚህ ያለን ዕድል ይቺው አንዷ ናት አለ። ትምህርት ቤቱ ደግሞ «የሁለተኛ ደረጃ ውጤትዎ ወጣ ገባ የሆነበትን ምክንያት በአንድ ገጽ ያስረዱ» ብሎ ጠይቋል።

እትዬ አስተያየት ሰጡ። «ንግድ ደግሞ ትምህርት ያሻዋል እንዴ? የሚሸጥ ይሸጣል፣ የሚገዛ ይገዛል፣ አለቀ።»

ታክሲ ነጂው የእትዬ ሱቅ ታዲያ ምን ሆኖ እንደተዘጋ በትህትና ጠየቀ። እትዬ ውሃ ይሰጠኝ አሉ። ተሰጣቸው።

እናትየው ከቀሚሱ ቀና ሳትል «ካልገባች እኮ የሚጠብቃት የእኔ መኪና ነው» አለች። የስፌት መኪናዋን ማለቷ ነው። «እኔ ዓይኔን በመርፌ ቀዳዳ ጨረስኩ። የእሷም እንዲያልቅ አልፈልግም።» ለትንሽ ጊዜ የሚናገር ጠፋ። ሊቀመንበሩ ዝምታው እንዲመዘገብ አዘዘ። ተመዝግቧል።

አጀንዳ ሁለት፦ ለአርባ ስምንቱ ማን ይጠየቅ

ውጤቱ ተነበበ። ሒሳብ ዘጠነኛ ክፍል ዘጠና አንድ፣ አሥረኛ አርባ ስምንት፣ አሥራ አንደኛ ሰማንያ ስምንት፣ አሥራ ሁለተኛ ሃምሳ ሰባት። ፊዚክስ በአራቱም ዓመት ሃምሳን አላለፈም። ታክሲ ነጂው «ፊዚክስስ ቢሆን ጸባዩ የታወቀ ነው» አለ።

እትዬ ጥፋቱ የስፌት መኪናው ጩኸት ነው አሉ። እናትየው መኪናው ዘጠነኛ ክፍልም ላይ ይጮህ እንደነበር አስታወሰች። እትዬ እንግዲያው ጥፋቱ የታክሲ ነጂው ቴሌቪዥን ነው አሉ። ታክሲ ነጂው ቴሌቪዥኑን ከጠዋት እስከ ማታ የሚያዩት ማን እንደሆኑ እንዲጠራ ፈቃድ ጠየቀ። ፈቃድ ተከለከለ።

ሊቀመንበሩ ማንም ይጠየቅ ማን፣ ቢያንስ ይህ ኮሚቴ ሊጠየቅ አይችልም አለ። «አሥረኛ ክፍል ላይ እኮ የሒሳብ ማሻሻያ ኮሚቴ ያቋቋምነው እኛ ነን! አንድ ቅዳሜ አልዘለልንም!»

እውነቱን ነው፣ አልዘለልንም። ያኔ ሊቀመንበሩ ልጅቷ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ እንድታጠና አስወሰነ። በሳምንቱ እትዬ የንጋት ጥናት ጭንቅላት ያደርቃል ብለው ከእራት በኋላ አስደረጉት። በሳምንቱ ታክሲ ነጂው በሙዚቃ ይሁን አለ። እናትየው ግራ ቢገባት ሦስቱንም አስደረገቻት። እኔም አለሁበት፣ ስትቀመጥ ጎንበስ ትላለችና ቆማ ታጥና ያልኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ጸሐፊ አልነበርኩም፣ እናገር ነበር።

አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ኮሚቴው አንድም ቀን አልተሰበሰበም። ሊቀመንበሩና እትዬ በዚህ በሳሎኑ መጋረጃ ቀለም ተኳርፈው ዓመቱን ሙሉ አልተነጋገሩም። ሊቀመንበሩ ይህን በሐዘኔታ አነሳ። «ያን ዓመት ቤተሰቡ ጥሏት ነበር። ማንም ሳይረዳት ሰማንያ ስምንት ማምጣቷ የልጅቷን ጽናት ያሳያል» አለ። ሁሉም ራሱን በሐዘን ነቀነቀ።

አሥራ ሁለተኛ ላይ ታረቁ፣ ኮሚቴው ሥራውን ቀጠለ፣ ሃምሳ ሰባት መጣ። እትዬ «እኛ ባንኖር ሠላሳም አታመጣ ነበር» አሉ። ድጋፍ አገኙ።

ከመኝታ ቤት ሳል ተሰማ። ሳሉ ከአጀንዳ ውጭ ነው ተባለ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ለአርባ ስምንቱ ማንም ተጠያቂ እንደሌለ ተወሰነ።

አጀንዳ ሦስት፦ ምን ብለን እንጻፍ

ታክሲ ነጂው አንድ መረጃ አለኝ አለ። ባለፈው ሳምንት ከረባት ያሰረ ሰው ጭኖ ነበር። ሰውዬው በስልክ ሲያወራ «ዩኒቨርሲቲ የሚወደው ችግርን ተቋቁሞ የመጣ ተማሪ ነው» ሲል ሰምቷል። ሰውዬው የዩኒቨርሲቲ ሰው ነው ወይ ተብሎ ተጠየቀ። «ከረባቱ እንደዚያ ይመስላል» ሲል መለሰ።

ይህ እንደተሰማ የስብሰባው መልክ ተለወጠ። ቅድም እኔ አይደለሁም፣ እኔ አይደለሁም ሲል የነበረ ሁሉ ችግሩ እኔ ልሁን ማለት ጀመረ። ታክሲ ነጂው ታስሮ ነበር ይባልልኝ አለ። ሊቀመንበሩ መዝገብ ቤት እንዳይሰማ ብሎ ከለከለው፣ በምትኩ ቤቱ ጎርፍ ገብቶበት ነበር ይባል አለ። እትዬ «እኔ ታምሜ ልጅቷ ስታስታምመኝ ከረመች ይባል» አሉ። እናትየው እትዬ ራሳቸው ታመው እንደማያውቁ፣ በእሳቸው የታመመ ሰው ግን እንዳለ አስረዳች።

ሊቀመንበሩ በሽታ ደካማ ምክንያት ነው፣ ማንም ይታመማል፣ ጠንካራው ሞት ነው አለ። ማን ይሙት የሚል ጥያቄ ተነሳ።

እትዬ «የሚሞተው ዕድሜው የደረሰ ሰው ቢሆን ይታመናል» ብለው ወደ ጸሐፊዋ ተመለከቱ። ሌሎቹም ተመለከቱ። እትዬ በአራት ዓመት ታላቄ እንደሆኑ እዚህ ላይ ይጻፍ። አልተናገርኩም፣ ጻፍኩት።

ሊቀመንበሩ «እማዬ፣ ወረቀት ላይ ብቻ እኮ ነው» አለ። ታክሲ ነጂው «ቀብሩን አሳምረን ነው የምንጽፈው፣ አታስቢ» አለ።

ድምጽ ተሰጠ። የደገፉ፦ ሊቀመንበሩ፣ ታክሲ ነጂውና እትዬ። እትዬ ሁለት እጃቸውን ነበር ያወጡት፣ እንደ አንድ ተቆጠረላቸው። እናትየው ክሯን በጥርሷ በጠሰችና ዝም አለች፣ ድምጸ ተአቅቦ ተባለ። በዚህ መሀል ሽማግሌዬ ነቃና ምን እየተወሰነ እንደሆነ ጠየቀ። ሚስትህ አሥረኛ ክፍል ላይ ሞታለች ተባለ። «እና እራቴን ማን ሊሰጠኝ ነው?» አለ። ይህ እንደ ተቃውሞ ተመዘገበ። ያገኘሁት ተቃውሞ ይኸው ነው።

ከረጅም ውይይት በኋላ ጸሐፊዋ በአሥረኛ ክፍል ሁለተኛው መንፈቅ እንድትሞት በአብላጫ ድምጽ ተወሰነ። ለአሥራ ሁለተኛው ሃምሳ ሰባት «ሐዘኑ አገረሸባት» ይባላል። በምን ሞተች የሚለው ላይ ግን ሊቀመንበሩ ልብ አለ፣ ታክሲ ነጂው ስኳር አለ፣ እትዬ «በምላሷ» አሉ። ስላልተስማሙ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ።

አጀንዳ አራት፦ ልዩ ልዩ

በዚህ ጊዜ ስልክ ጮኸ። ስብሰባው ሲጀመር ስልኮች ሁሉ ተዘግተው ነበር። የእኔ አልተዘጋም፣ እንዴት እንደሚዘጋ አላውቅም። ከኪሴ አውጥቼ አነሳሁት።

ሊቀመንበሩ «ሟች ስልክ አታነሳም!» ብሎ ጮኸ። አንስቼዋለሁ። ታክሲ ነጂው እጁን ሰደደና ሁሉም እንዲሰማ ድምጹን ከፈተው።

የሴት ድምጽ ነው። «ከዩኒቨርሲቲው ቢዝነስ ትምህርት ቤት ነው የምደውለው። ቅዳሜ ስለደወልኩ ይቅርታ። የአመልካቿ አያት ነዎት እናቴ?»

ሁሉም እጁን አወናጨፈ። ሊቀመንበሩ አይደለሁም በይ ብሎ ጣቱን ወዘወዘ።

«እስካሁን ነኝ» አልኩ። ጸሐፊዋ ያለመናገር ደንቡን የጣሰችው እዚህ ላይ ነው።

ሴትየዋ ቀጠለች። የልጅቷ ማመልከቻ ሐሙስ ደርሷቸዋል። ሐሙስ ስትል ሁላችንም ወደ መኝታ ቤቱ በር ዞርን። በደንብ ታውቀኛለች ብላ የጻፈችው የእኔን ስምና ስልክ ነው። ታዲያ አንድ ያላመኑት ነገር ስላለ ሊያጣሩ ነው። አነበበችው፦

«አሥረኛ ክፍል ላይ ሒሳቤን ለማሻሻል የቤተሰብ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ አርባ ስምንት አመጣሁ። አሥራ አንደኛ ላይ ኮሚቴው በመጋረጃ ቀለም ተጣልቶ ተበተነ፣ ሰማንያ ስምንት አመጣሁ። አሥራ ሁለተኛ ላይ ታረቁ። ፊዚክስ ግን የራሴ ጥፋት ነው።»

«እውነት ነው ወይ እናቴ?» አለችኝ።

ሊቀመንበሩ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። እትዬ መጋረጃውን አዩ። የልጅቷ እናት መርፌዋ ጨርቁ ውስጥ እንደተሰካ ቆመች። ሐሰት ነው ብል ልጅቷ ውሸታም ልትባል ነው፣ ዕድሏም እዚያው ሊቀር። እውነት ነው ብል እኛ ልንዋረድ ነው።

«እውነት ነው» አልኩ። «የመጋረጃው ጠብ ግን በቀለሙ ብቻ አልነበረም፣ ርዝመቱም ነበረበት።»

ከወዲያ በኩል ሳቅ ተሰማ። የአንድ ሰው ሳቅ አይደለም። ለካ እነሱም ኮሚቴ ናቸው።

ሴትየዋ ጉሮሮዋን ጠረገችና «ረቡዕ ጠዋት ለቃለ መጠይቅ ትምጣልን። ብቻዋን» አለች። ብቻዋን የሚለውን ደገመችው።

ስልኩ እንደተዘጋ ሊቀመንበሩ ረቡዕ ማን ይዟት ይሂድ የሚለውን ለውይይት አቀረበ። እትዬ እኔ አሉ። ታክሲ ነጂው ታክሲ ያለኝ እኔ ነኝ አለ። እናትየው ይህን ቀሚስ አጥብቤ ላልብሳት አለች። ቀሚሱ የሰው ነው።

አመልካቿ ያለ ፈቃድ ወደ ስብሰባው ገባች። ሊቀመንበሩ የጥቅም ግጭት እንዳለባት አስታወሳት።

«አዎ ጋሼ» አለች። «ጥቅሙ የእኔ ነው። ግጭቱ የእናንተ ነው።»

ሊቀመንበሩ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለን፣ ላንቺው አስበን ነው እንጂ አለ። ድምጹ እንደ ሊቀመንበር አልነበረም።

«አውቃለሁ ጋሼ። ለዚያ እኮ ነው እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት። የታሰርኩት ግን እኔ ነኝ።» ቀጥላም «ይቀበሉኝ አይቀበሉኝ አላውቅም። ካልተቀበሉኝም በራሴ ልውደቅ» አለች። ይህን ስትል ዓይኗ እናቷ ላይ ነበር። እናቷ ቀሚሱን አጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

እትዬ ልጅቷ ምላስ አውጥታለች፣ ከማን እንደወረሰችው ይመዝገብልኝ አሉ። አልተመዘገበም።

ሊቀመንበሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። ከሚያስፈልገው በላይ ጠረገው። ከዚያ ራሱ የውሳኔ ሐሳብ አቀረበ።

ውሳኔ

ከአጭር ውይይት በኋላ (አጭር ሲሆን ይህ የመጀመሪያው ነው) ዛሬ የተወሰነው ሁሉ፣ ከአሥረኛ ክፍል ጀምሮ የተወሰነውም ሁሉ እንዲሻር፣ ኮሚቴውም እንዲፈርስ ተወሰነ። ሊቀመንበሩ የኮሚቴውን መፍረስ የሚከታተል ኮሚቴ ይቋቋም አለ። እትዬ እንኳን አልደገፉትም።

ልጅቷ ረቡዕ ብቻዋን ትሄዳለች። ታክሲ ነጂው «እስከ በሩ ላድርስሽ?» አላት። «እስከ መታጠፊያው» አለች። ጸደቀ።

የጸሐፊዋ ሞት እንዲሻር ድምጽ ተሰጠ። ሦስቱ ልጆቼ ደገፉ። ሽማግሌዬ እራቱን ጠይቆ ደገፈ። አመልካቿ አባል ባትሆንም እጇን አወጣች፣ ተቆጠረላት። እትዬ «ላስብበት» ብለዋል።

ስብሰባው በግድግዳው ሰዓት አሥር ላይ ተዘጋ። ሊቀመንበሩ የእጅ ሰዓቱን አይቶ ምንም አላለም።

ኮሚቴ ከሌለ ጸሐፊ የለም። ጸሐፊ ከሌለ የዝምታው ደንብም የለም። ስለዚህ ብዕሩን እዚህ ላይ አስቀምጣለሁ፣ የምናገረው አለኝ። ከእትዬ ነው የምጀምረው።