የእትዬ በለጡ ሃምሳ ሁለት

የራሱን ዕድሜ ሲጠየቅ ወሬ የሚቀይር፣ የአልጋ ልብስን ዕድሜ ግን ማንም ሳይጠይቀው የሚናገር ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እዚህ አሜሪካ፣ የኛ ፌርፋክስ እትዬ በለጡ አሏት። ሸኒል የሚሉትን፣ አባጨጓሬ የተሰለፈበት የሚመስለውን የድሮ አልጋ ልብስ ሲያገኙ መጀመሪያ ይገለብጡታል። «ፊቱማ ለገበያ ነው» ይላሉ። ከጀርባው ስፌቱ ከተንጋደደ የእጅ ሥራ ነው፤ ቀጥ ካለ የማሽን።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ አሜሪካዊ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ጣዎስ ያለበትን ሸኒል ዘረጋልን። እትዬ ገለበጡት፣ ዳበሱትና «ፊፍቲ ቱ!» ብለው የተሠራበትን ዓመት ፈረዱ። ሰውየው ሳቀ። ጥጉን ሲያሳየን ለካ የድሮ ባለቤቶቹ ሙሽሮች የሠርጋቸውን ቀን ጠልፈውበታል፦ ጁን 1960።

አንገቴን ደፋሁ። የሰፈር ክብር ነው እኮ! እሳቸው ግን ፈገግ አሉ።

«በእኛ አቆጣጠር ነው ያልኩት። ሰኔ ሃምሳ ሁለት አይደለም እንዴ?»

በጣቴ ቆጠርኩ። ልክ ናቸው! ጥጉን አስቀድመው አይተውት ይሆን? እኔ ምን አውቃለሁ። በእንግሊዝኛ ሳስረዳው ሰውየውም በጣቱ መቁጠር ጀመረ።

እትዬ አልጋ ልብሱን እያጣጠፉ ወደ እኔ ዞር አሉ።

«ሶ፣ ከእሱ በስምንት ዓመት ቀድሜ ነው ያወቅኩት በለው!»