ክ/ጣ የሚሉት ነገር

ትናንት በሕልሜ ሹራብ ለበሰኝ። ተሳስቼ አይደለም፤ እሱ ነው እኔን የለበሰኝ። መስታወት ፊት ቆሞ ግራ ቀኝ ተገላመጠና ፊቱን አጨማደደ።

«ትከሻው ይጠበኛል። ሆዱ ደግሞ ሰፍቷል። ሌላ ቁጥር የላችሁም?» አለ።

«ያለው እሱ ብቻ ነው» አለው ቁም ሳጥኑ።

ሹራቡ እየተነጫነጨ ይዞኝ ወጣ። እጆቼን እንዳሻው እያወዛወዘ በጎዳናው ላይ ወሰደኝ። የት እንደምንሄድ ጠየቅኩት።

«ስንደርስ ታውቃለህ» አለኝ።

ስንደርስ ታውቃለህ የተባልኩበት ቦታ በጎ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ስለዚህ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሁሉንም ነገር በጎሪጥ ማየት ጀመርኩ።

አንድ መሥሪያ ቤት ደረስን። ሠራተኞቹ ከነክራቫታቸው ደጅ ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። ባለጉዳዮቹ ውስጥ ወንበር ላይ ተንጋለው ቆሎ ይቆረጥማሉ። አንድ የመምሪያ ኃላፊ ማኅተሙን እንደ ሕፃን ታቅፎ በመስኮቱ ይለማመጣል።

«እናቴ፣ አንዲት ፊርማ ብቻ ልፈርምልዎት። ከጠዋት ጀምሮ እኮ ነው የቆምኩት።»

ባለጉዳይዋ ቀና ብለውም አላዩት። «ሲስተም የለም» አሉት።

በሩን የሚጠብቀው አንድ የተሸለተ በግ ነበር። ብርዱ ያንዘፈዝፈዋል። ሹራቡን አሸተተና ዓይኑን አጠበበ።

«ይሄ የማን ሱፍ ነው?»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? የለበሰኝ እሱ ነው።»

«ከሱፉ ጋር ትውውቃችሁ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለና መልስ ሳይጠብቅ ይፈትሸኝ ጀመር። ከኪሴ አንዲት ብጣሽ ወረቀት አወጣ።

ስለዚህች ወረቀት መናገር አለብኝ። ባለቤቴ ምንትዋብ ነፍሰ ጡር ነበረች። እኔም ለሚወለደው ልጅ በእጄ የሠራሁትን ቆብ ነው የማለብሰው ብዬ ሰው በተሰበሰበበት ፎከርኩ። አክስቷ እትዬ ሸዋረገድ ጡረታ የወጡ የእጅ ሥራ መምህርት ናቸውና ሁለት መርፌ፣ አንድ ድውር ክርና የአሠራሩን ወረቀት ሰጡኝ። ችግሩ እትዬ ሸዋረገድ ቃል አይጨርሱም። ሁሉን ነገር በእዝባር ቆርጠው፣ አሳጥረው፣ እንደ መዝገብ ቤት ደብዳቤ ነው የሚጽፉት። ወረቀቷ ላይ ያለው እንዲህ የሚል ነው፦ 2ቀ፣ ክ/ጣ፣ 2አን፣ 1ግ። ከዚህች መስመር ጋር ሦስት ወር ስንፋጠጥ ከርመናል።

በጉ ወረቀቷን ወደ ፀሐይ አነሣት። «2ቀ። ሁለት ቀበሌ!»

«ኧረ አይደለም! ሁለት ቀጥ ነው። ሁለቱን ቀጥ አድርገህ ሥራ ማለት ነው።»

«ክ/ጣ። ክፍለ ጣቢያ!»

«ክር ጣል ነው ጋሼ።»

«የት ነው የምትጥለው? ማነው የሚያነሣው?»

«መርፌው ላይ ነው የምጥለው።»

«መርፌም አለ» እያለ ጻፈ። «ይቺስ፣ 1ግ?»

እዚህች ላይ ነው አፌ የጣለኝ። «አንድ ግልብጥ» አልኩት እንደ ዋዛ፣ አንዱን ገልብጠህ ሥራ ለማለት።

የበጉ ብዕር ከእጁ ወደቀ። «አመነ!» ብሎ ጮኸ። «ሁለት ቀበሌና አንድ ክፍለ ጣቢያ ይዞ አንድ ግልበጣ!»

ሰልፈኞቹ በአንድ ጊዜ ሁለት እርምጃ ራቁኝ። የመምሪያ ኃላፊው ማኅተሙን ኮቱ ውስጥ ከተተ። «ሰውየውን አላውቀውም» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ቀና ስል አዳራሽ ውስጥ ነኝ። ግድግዳው ላይ «የአባት መረጣ ኮሚቴ» ይላል። አባቶች ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ማስረጃቸውን በክላሰር ይዘው አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ፊት ለፊት፣ ቀይ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ጀርባ፣ ገና ያልተወለዱ ሦስት ሕፃናት ተቀምጠዋል። የዳሩ የእኔ ነው። በጆሮው አወቅኩት፤ እንዲያ የተዘረጋ ጆሮ በእኛ ቤት ብቻ ነው ያለው።

«አንተ ልጅ» አለኝ፣ «ቀጥ ብለህ ቁም።»

«እሺ አባቴ።»

መካከል ላይ ያለው ሰብሳቢ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ይህ ሰው ክ/ጣ ምን እንደሆነ አጥጋቢ ማብራሪያ ካልሰጠ፣ ልጁ ለተጠባባቂው አባት ይሰጣል።»

ተጠባባቂው አባት አቶ ልሳነወርቅ ይባላል። ከሱቅ የተገዛ፣ የዋጋ ወረቀቱ ገና ያልተነሣለት ቆብ ጭኑ ላይ አስቀምጧል። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«አይዞህ ወንድሜ፣ በበዓል በበዓል እየመጣህ ታየዋለህ።»

ልጄን ገና አቅፌው ሳላውቅ በበዓል እየሄድኩ ልጠይቀው ነው።

ቆቤን ከነመርፌው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«ይሄ ምንድነው?» አለ ሰብሳቢው።

«ቆብ።»

«ማነው ቆብ ነው ያለው?»

«እኔ።»

«ካንተ ሌላ የሚመሰክር?»

አባቶቹ ሁሉ ክላሰራቸው ላይ አቀረቀሩ። ሹራቡ እንኳ ወደ ጣሪያው ያይ ጀመር።

«ይሁን። ክ/ጣ ምንድነው?»

«ክሩን መርፌው ላይ ዝም ብሎ ጣል ማድረግ ነው። ከዚያ በሚቀጥለው መስመር ስትሠራው ቀዳዳ ይሆናል።»

«በስህተት?»

«የለም፣ ሆን ተብሎ ነው። ለጌጥ።»

«ሆን ብሎ!» አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ። አቶ ልሳነወርቅ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። «ለአራስ ልጅ ቆብ፣ ሆን ብሎ ቀዳዳ» አለ ለጎረቤቱ። «እኔ ምንም አልልም።»

ሰብሳቢው ትንሿን ጣቱን በአንዱ ቀዳዳ ሰደደና በሌላው አወጣት። «እነዚህ ሁሉ ሆን ተብለው ናቸው?»

«ይሄኛው አዎ። ይሄ… ይሄ አምልጦኝ ነው። ያኛው ስልክ ተደውሎልኝ ነው።»

«የሚታመነውን ቀዳዳ ከማይታመነው በምን ትለያለህ?»

እኔም ሦስት ወር ሙሉ ስጠይቅ የኖርኩት ጥያቄ ነው።

ሰብሳቢው ለበጉ ጠቀሰው። በጉ የሹራቡን የክር ጫፍ በጥርሱ ይዞ መሳብ ጀመረ። ሹራቡ ሲተረተር እኔም አብሬው ተተረተርኩ። በመጀመሪያ የእግር ጣቶቼ ሄዱ፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚቴ። አያምም፣ ይኮረኩራል። በጉ ከእኔ የወጣውን ክር እየጠቀለለ፣ «ጥሩ ክር ነው፣ የአንገት ልብስ ይወጣዋል» አለ።

ልጄ ከጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለና አንሾካሾከልኝ። «ቶሎ በል እንጂ! ተጠባባቂው ሲያንኮራፋ ለብቻው ነው አሉ።»

«አላወቅኩትም እኮ አባቴ!»

«ተማርኩ አላልክም እንዴ?»

ሰብሳቢው መርፌው ላይ የተደረደሩትን የክር ቀለበቶች ይቆጥር ጀመር። እትዬ ሸዋረገድ «ዓይን» ነው የሚሏቸው። «ስትጀምር ስልሳ ዓይን ነበር። አሁን ስልሳ አንድ ሆኗል። አንዱ ከየት መጣ?»

«ሰርጎ ገብ!» ጮኸ በጉ፣ ክሩን እንደነከሰ።

ስልሳ አንዱም ዓይኖች ዘወር ብለው አዩኝ። ስልሳዎቹ ተቆጥተዋል። አንደኛው ግን ጠቀሰኝ።

መተርተሩ ጉልበቴን አልፏል። የጠቀሰኝን ዓይን ትክ ብዬ አየሁት። የተቀመጠው ክር የጣልኩበት ቀዳዳ አናት ላይ ነው፤ በስተግራውም በስተቀኙም ቀዳዳ የለም። ሦስት ወር ያልገባኝ ነገር በአንዴ በራልኝ።

«ገባኝ!» አልኩ። «ክ/ጣ ቀዳዳ ብቻ አይደለም፣ ጭማሪም ነው! ክር በጣልክ ቁጥር አንድ ዓይን ይወለዳል። ለዚህ ነው ከኋላው 2አን የሚለው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ሥራቸው፣ የጨመረው ይመለስ ማለት ነው። እኔ የስህተት ጽሑፍ መስሎኝ አንድ ቦታ ላይ ዘለልኩት! ሰርጎ አልገባም፣ የራሴ ነው፣ እኔ ነኝ የጨመርኩት!»

አቶ ልሳነወርቅ ቆቡን ወደ ፌስታሉ መለሰ። በጉ ክሩን ተፋ። ሰብሳቢው ማኅተም ፍለጋ ጠረጴዛውን ይዳብስ ጀመር። ልጄ ብቻ ፊቱ አልተፈታም። አገጩን በመዳፉ ደግፎ እንደ ገምጋሚ ያየኛል።

«አንድ ጨምሬ አልመለስኩትም ነው የምትለው?»

«አዎ አባቴ።»

«ታዲያ» አለ፣ ከጀርባው አንድ ሰው ያለ ይመስል እየተገላመጠ፣ «የጨመረው የት አለ?»

«የምንትዋብ አስታማሚ! የምንትዋብ አስታማሚ ማነው?»

ነቃሁ። የማዋለጃ ክፍሉ ኮሪደር ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጋድሜያለሁ። አንዲት ነርስ በሩን በክርኗ ይዛ ቆማለች።

«እኔ ነኝ ሲስተር! ደህና ነች?»

«ደህና ነች። ቆብ አምጣ።»

ያንኑ ቆቤን ከነቀዳዳው በሁለት እጄ ሰጠኋት። ግራ ቀኝ ዘርግታ አየችውና ብብቷ ሥር አደረገችው። እጇን ግን አላጠፈችም።

«ሌላውስ?»

«የምን ሌላ?»

«ሁለት ናቸዋ! ካርዷ ላይ ተጽፎልሃል እኮ፣ መ/ታ። መንታ።»

አግዳሚው ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሦስት ፊደል ያላት ቃል ናት፤ በሦስት ምልክት ነው ያሳጠሯት።

«መደበኛ ታካሚ መስሎን ነው» አልኩ፣ ቀስ ብዬ።

ነርሷ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «እሷም ውስጥ ሆና እንደዚያ ነው የምትለው» አለች። «ካርዱን ማን እንዲያ ብሎ እንዳነበበላት ግን እየጠየቅናት ነው።»