ሦስት ካሜራ ለሦስት ወረዳ

ለመሆኑ እኩል መካፈል ሁልጊዜ ፍትሕ ነው ብሎ ያስተማራችሁ ማን ነው? ዳቦ ሲሆን እሺ። መሬትም ይሁን። ግን አንድ ሱሪ ለሁለት ወንድማማቾች እግር እግሩን ሲከፈል አስባችሁታል? እኔ ማሰብ አላስፈለገኝም፤ ጋምቤላ ላይ በዐይኔ አየሁት።

ክልል በሆንን ማግስት ነው። የወደብ ጸሐፊ ልጅ ሆኜ ባሮ ዳርቻ ተወልጄ፣ ዕድሜዬን ካርቱም ስለ ወፍ ሳነብና ሳስተምር ጨርሼ፣ ሦስት የቪዲዮ ካሜራ ይዤ ተመለስኩ። በባሮ ገደል ውስጥ ጎጆ ቆፍረው የሚኖሩ፣ ጉሮሯቸው የቀላ፣ ንብ የሚበሉ ወፎች አሉ። ጭልፊት ሲመጣባቸው መንጋው በሙሉ በአንዴ ይወጣል፤ አንዷም ከሌላዋ አትጋጭም። እንዴት? ከልጅነቴ ጀምሮ ያቃጠለኝ ጥያቄ ይኸው ነው። አንድ ካሜራ መልሱን አይነግራችሁም፤ ፊልሙ ላይ የተነካኩ የሚመስሉት ሁለት ወፎች አንዷ ከፊት፣ አንዷ ሩቅ ከኋላ ልትሆን ትችላለች። ሦስት ካሜራ ከሦስት አቅጣጫ፣ በአንድ ቅጽበት፣ ያንኑ መንጋ ሲያይ ግን እያንዳንዷ ወፍ አየሩ ላይ የት እንደነበረች፣ ከፍታዋም ርቀቷም፣ በስሌት ይገኛል። ጊዜዬ አጭር ነበር። ባሮ ሲሞላ ገደሉንም ጎጆውንም ይውጠዋል፤ በእኔ ዕድሜ ደግሞ የሚመጣውን በጋ ማን ያምነዋል?

ፈቃድ ብጠይቅ ካሜራዎቹ ቢሮ ተያዙና ጉዳዬ ለኮሚቴ ተመራ። ኒውላንድ ሰፈር ቤቷ ያሳረፈችኝ የአክስቴ ልጅ፣ መምህርት አስቴርም አባል ነበረች። ሊቀመንበሩ ፊቱ በርቶ ተቀበለኝ።

«እማማ፣ ደስ ይበልዎት! የቀረበው ሐሳብ አንዱ ካሜራ ለከተማው፣ አንዱ ለአቦቦ ወረዳ፣ አንዱ ለኢታንግ ወረዳ ነው።»

«ልጄ፣ ሦስቱም አንዱን መንጋ ነው የሚያዩት።»

«ድሮም ያጠፋን ይሄ ነው፤ ሁሉ ነገር አንድ ቦታ መከማቸቱ! አቦቦ ወፍ የለም እንዴ?»

«አለ።»

«ታዲያ የአቦቦ ወፍ ምን በደለች?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አስቴርም ሳቀች። እጅ ሲወጣ የእሷም ወጣ።

አቦቦ የሄደው ካሜራ ሠርግ ቀረጸ። ኢታንግ የሄደው የስብሰባ መክፈቻ ንግግር፣ ያውም ከነጭብጨባው። እኔ በቀረልኝ አንድ ካሜራ ገደሉ ፊት ተቀምጬ፣ አንድ ዐይኑ እንደጠፋ ሰው፣ መንጋው ሲነሳ አየሁ። ሌሎቹን ለማስመለስ ያልረገጥኩት ቢሮ የለም። «በሂደት ላይ ነው» ይሉኛል። ዝናቡ ግን ሂደት አልጠበቀም። ካሜራዎቹ ሲመለሱ ገደሉ ውኃ ውስጥ ነበር።

ሊቀመንበሩ ሽማግሌ ይዞ መጣ።

«እማማ፣ ዓላማችን ጥሩ ነበር፤ ለከርሞ ሦስቱንም እንሰጥዎታለን።»

«ሁሉም እጁን ሲያወጣ እኔ ብቻዬን ምን ልበል?» አለች አስቴር፣ እንባዋን እየጠረገች።

ሽማግሌዎቹ ለእግዜር ብለሽ አሉኝ። እግዜርን በዚህ አታስገቡት አልኳቸው። እሱንም አልማርኩ፣ እሷንም አልማርኩ፤ አስታራቂ ሆነው የመጡትንም ጭምር። ዛሬም ብትጠይቁኝ፣ አልማርኩም።